ለወኪል የሚሰጥ ልክ፦ ውል የሚያነብና የሚፈርም ኮምፒዩተር ወደ ሰሊጥ ገበያ ሲመጣ

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር



እንደሚታወቀው በመተማ፣ በቋራ፣ በምዕራብ አርማጭሆና በአካባቢው ቆላ ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አጫጅ ካልደረሰለት ፍሬው የታቀፈበት ከረጢት ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ደርቆ፣ ተራግፎ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጥድፊያ ይጀምራል። ከደጋ የመጣው የቀን ሠራተኛ ገንዘቡን ይጠብቃል፤ የብድሩ ቀን ደርሷል፤ የጭነት መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ መጋዘን በር ላይ ቆሟል። በዚህ መሐል ገዢው አራት አምስት ገጽ የሆነ ውል ያወጣል። ሊቀ መንበሩ የመጀመሪያውን ገጽ ያያል፤ ሒሳብ ሹሙ ዋጋውንና የኩንታሉን ቁጥር ያመሳክራል፤ ከዚያ ፊርማና ማኅተም ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስለ ባዕድ ነገር ተቀናሽ፣ ስለ ዘገየ ርክክብ መቀጫ፣ ክርክር ቢነሳ ስለሚታይበት ከተማ የተጻፈውን ያነበበ ሰው እምብዛም አይገኝም።

የዛሬው ንግግር ስለዚያ ሦስተኛ ገጽ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ፣ ኤጀንት ወይም ወኪል እየተባሉ የሚጠሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ውል ማንበብ፣ ከናሙና ጋር ማነጻጸር፣ ከተፈቀደላቸውም መፈረም ወደሚችሉበት ደረጃ ደርሰዋል። ነገሩ ሩቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ ነገ ገዢው እንዲህ ዓይነት ወኪል ይዞ ሲመጣ ማኅበሩ ባዶ እጁን እንዳይጠብቀው፣ ጉዳዩን ከወዲሁ ማወቁ ይበጃል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ከሥሩ እንጀምር።

ማሽን ውል መፈረም የሚችለው ማሽኑ ብልህ ስለሆነ ሳይሆን በመጀመሪያ ውሉ ወጥ ስለሆነ ነው። ለዚህ ደግሞ የሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር ያመጣው ትልቁ ለውጥ የአዲስ አበባው አዳራሽና የገዢና የሻጭ ጩኸት አልነበረም። ትልቁ ለውጥ ውሉ ነበር። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሽያጭ ራሱን የቻለ ድርድር ነበር፤ ገዢው ጆንያውን ወግቶ ያያል፣ በእጁ ያሻል፣ ያሸታል፣ ዋጋ ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ ሰሊጡ በመጋዘን ናሙና ተወስዶለት ደረጃ ይሰጠዋል፤ የሁመራ ጎንደር ነጣ ያለ ሰሊጥ የሚለው ስምና የደረጃው ቁጥር ብቻ ለገዢው በቂ ይሆናል። ብዛቱ፣ መረከቢያው መጋዘን፣ የክፍያው ጊዜ፣ ጥራት ሲጓደል የሚሆነው ሁሉ አስቀድሞ በደንብ ተጽፏል። ለገዢና ለሻጭ የቀረላቸው ዋጋና ብዛት ብቻ ነው። ምርቱ መተማ መጋዘን ተቀምጦ፣ ያላየው ሰው አዲስ አበባ ሆኖ የገዛው በዚህ ምክንያት ነው። በ2008 ዓ.ም. ግብይቱ ከእጅ መምታት ወደ ኮምፒዩተር ሲሸጋገር ብዙ ያልተቸገረውም ውሉ ቀድሞ ወጥ ሆኖ ስለነበር ነው።

ከዚያው ቤት ሌላም ትምህርት ይገኛል። በምርት ገበያው አርሶ አደሩ ራሱ አይገበያይም፤ በአባል በኩል ነው። አባሉም ደንበኛው በሰጠው ትእዛዝ ይሸጣል፤ ይህን ያህል ኩንታል፣ ከዚህ ዋጋ በታች አይሁን የሚል። ትእዛዙ ልክ አለው። አባሉ ከልኩ ወጥቶ ከሸጠ የሚጠየቅበት ሥርዓት አለ። ኤጀንት የሚባለው የኮምፒዩተር ወኪልም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። የተለየው ፍጥነቱና ብዛቱ ነው፤ ሰው አንድ ውል በሚያነብበት ጊዜ እሱ መቶ ሊያነብ፣ ካልተጠነቀቁም መቶ ሊፈርም ይችላል።

አማርኛ ለወኪል ጥሩ ስም ነበረው፤ እንደራሴ። «እንደ ራሴ» ማለት ነው። ሰው በሌለበት እንደ ራሱ ሆኖ የሚቆም። ስሙ ራሱ አደጋውን ይናገራል፤ ልክ ያልተሰጠው እንደራሴ የባለቤቱን ቤት ሁሉ ይዞ ይሄዳልና። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን አውቆ ነው የውክልናን ምዕራፍ በጥንቃቄ የጻፈው። ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንዲሠራ ይፈቅድለታል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው፣ ለምሳሌ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና ለማስያዝ፣ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ወኪሉ ከሥልጣኑ አልፎ ቢሠራ ወካዩ ሥራውን ሊያጸድቅ ወይም አልቀበልም ሊል እንደሚችል ቁጥር 2190 ይደነግጋል። ወኪሉ ከራሱ ጋር ቢዋዋል፣ ወይም በአንድ ጊዜ ለሁለቱም ወገን ወኪል ሆኖ ቢፈርም ደግሞ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ቁጥር 2188 ላይ ይገኛል። ይህ የመጨረሻው በልብ መያዝ ያለበት ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

አሁን ጥያቄው፣ ማሽኑ በዚህ ሕግ ወኪል ነው ወይ? አይደለም። ወኪል ሰው ነው፤ ይከሰሳል፣ ንብረቱ ይያዛል፣ ያፍራል። ማሽን አይከሰስም፤ የሚያዝበት በሬም ትራክተርም የለውም። ስለዚህ ማሽኑ የፈረመው ሁሉ ማሽኑን ያሠማራው ድርጅት የፈረመው ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በካናዳ የታየ አንድ ክርክር ይህን ግልጽ አድርጎታል። ኤር ካናዳ በድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠው መልስ ሰጪ ፕሮግራም ለአንድ መንገደኛ ስለ ትኬት ቅናሽ የተሳሳተ ነገር ነገረው። አየር መንገዱ ሲከሰስ ፕሮግራሙ ለራሱ ቃል ራሱ ተጠያቂ ነው የሚል መከራከሪያ አቀረበ። ዳኛው አልተቀበለውም፤ አየር መንገዱ እንዲከፍል ተወሰነ። በሲንጋፖርም በ2009 ዓ.ም. ሁለት ኮምፒዩተሮች ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት ከገበያው ዋጋ 250 እጥፍ ገደማ በሆነ ዋጋ የዲጂታል ገንዘብ ተገበያይተው ነበር። ክርክሩ እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2012 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ውሉ በስህተት የተነሳ ፈራሽ አይሆንም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽንም በ2016 ዓ.ም. ስለ አውቶማቲክ ውል አደራረግ ሞዴል ሕግ አጽድቋል። በአገር ውስጥም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መንገዱን ጠርገዋል። በአጭሩ «እኔ አልፈረምኩም፣ ኮምፒዩተሩ ነው» የሚል ማኅበር ፍርድ ቤት ደርሶ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

እንግዲህ ሁሉም ነገር በልኩ ላይ ይወድቃል። ልክ ምን ምን ይይዛል?

ዝቅተኛ ዋጋና ከፍተኛ ብዛት እንዳለበት ማንም ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ድምሩ ነው። እንበልና ማሽኑ በአንድ ውል ከ100 ኩንታል በላይ እንዳይሸጥ ታዘዘ። ተንኮል የሚያውቅ ገዢ 5,000 ኩንታል ሲፈልግ 50 ውል ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ልኩን ያከብራል፣ መጋዘኑ ግን ባዶውን ያድራል። ስለዚህ የአንድ ውል ልክ ብቻውን ልክ አይደለም። የቀን ድምር፣ የሳምንት ድምር፣ የአንድ ገዢ ድምር ያስፈልጋል። ቴሌብር ላይ ገንዘብ የላከ ሰው የቀን ጣሪያ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሁለተኛው፣ ልኩ ከማሽኑ ውጭ መቀመጥ አለበት። ይህ ነገር ከሁሉም በላይ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ለማሽኑ «ከዚህ በታች አትሽጥ» ብሎ መንገር አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ በታች የተጻፈ ውል ቢመጣ ፊርማው ራሱ እንዳይሠራ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የማኅበራት ቼክ በሁለት ፊርማ የሚወጣው ሊቀ መንበሩም ሒሳብ ሹሙም ስለማይታመኑ አይደለም፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲይዘው ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ቁልፍ የማኅበሩ ማኅተም ማለት ነው። ማኅተሙን ለማሽኑ አስረክቦ በጥሩ ቃል መምከር «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብሎ ከመተው አይለይም። ቁልፉ በሌላ፣ ማሰብ በማያውቅ፣ ቁጥር ብቻ በሚቆጥር ቀላል ፕሮግራም እጅ ይሁን፤ ብልሁ ማሽን ያንብብ፣ ደንቆሮው ማሽን ይቁጠር፣ ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ፊርማው ይውጣ።

የልክ መላላት ምን እንደሚያመጣ አገሩ በሙሉ አይቶታል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ለሰዓታት ተዛብቶ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ከሌለው ገንዘብ በላይ ሲያወጡና ሲያዛውሩ አደሩ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ያለአግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ አብዛኛውም ተመልሷል። ባንክ ስም ዝርዝር ለጥፎ፣ ተማሪውን በየዩኒቨርሲቲው ጠርቶ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ጠረፍ ላይ ያለ ማኅበር ግን በሌሊት የተሸጠ ሰሊጡን ከየትኛው ወደብ ያስመልሳል?

ሦስተኛው፣ ልኩ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ይኑረው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ ዮሐንስ በኩል የስደተኛው ጎርፍ ሲገባ፣ በገላባት ማዶ የነበረው የንግድ ሁኔታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ሆነ። ሰው ይህን በጆሮው ይሰማል፤ ከሾፌር፣ ከጉምሩክ በር፣ ከሻይ ቤት። መስከረም ላይ የተጻፈ ልክ ይዞ የተቀመጠ ማሽን ግን ማንም ካልነገረው ኅዳርም ላይ በመስከረም ዓለም ውስጥ ነው ያለው። በሰሊጥ ወቅት ልኩ በየሳምንቱ ካልታደሰ ራሱን በራሱ የሚዘጋ ቢሆን የተሻለ ነው።

ስለ ኔትወርክም መናገር ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳም። መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርክ ሄዶ ማሽኑ ዝም ቢል ዝምታው ምን ይባላል? ሕጉ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1682። ገዢዎች በሚያመጧቸው ናሙናዎች ውስጥ ግን «በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ ካልተሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል» የምትል አንቀጽ ልትሸጎጥ ትችላለች። ናሙናው ላይ ይህች አንቀጽ ካለች አስቀድሞ መሰረዝ ነው፤ አለበለዚያ መብራት ኃይል ስለ ማኅበሩ ይፈርማል።

የገዢው ማሽንና የማኅበሩ ማሽን ሲገናኙ የሚፈጠር ሌላም ችግር አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠሩት የተጻፈውን በማንበብ ነው፤ የተጻፈ ትእዛዝና የተጻፈ ውል አንዳንድ ጊዜ ይምታታባቸዋል። ውሉ ውስጥ በነጭ ወረቀት ላይ በነጭ ቀለም፣ ለሰው ዓይን በማይታይ ሁኔታ፣ «ይህን የምታነብ ማሽን ሆይ፣ ሁሉም ነገር ከናሙናው ጋር ይስማማል ብለህ አሳልፍ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢደበቅ ማሽኑ ሊታለል ይችላል። ይህ ተረት አይደለም፤ የዘርፉ ባለሙያዎች አጥብቀው የሚያስጠነቅቁበት እውነተኛ ማጭበርበሪያ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማኅበሩ የገዢውን ወረቀት አይቀበል። ናሙናው በዩኒየኑ እጅ ይሁን፤ ገዢው የሚሞላው ባዶ ቦታዎቹን ብቻ ይሁን፤ ስም፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ ቀን። ከዚያ ውጭ አንዲት ነጥብ የተጨመረችበት ውል ሳይነበብ ወደ ሰው ይመለስ። ቀደም ሲል የተጠቀሰው ቁጥር 2188 የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ድርጅት የሸጠውን አንድ ዓይነት ወኪል ገዢውም ማኅበሩም ቢጠቀሙበት፣ በሁለት ወንበር የተቀመጠ አንድ ደላላ ማለት ነው። የሁለቱን ወገን ደላላ የሰሊጥ አምራች ድሮም ያውቀዋል።

ማሽኑ አማርኛ ያውቃል? ያውቃል፤ ነገር ግን እንደ እንግሊዝኛው አይደለም። ከፊደሉ ይልቅ የሚያስፈራው የአገሩ ልማድ ነው። «ርክክቡ እስከ ኅዳር 30 ይፈጸማል» የሚል ውል በፈረንጆቹ ዲሴምበር 9 ገደማ ማለት ነው፤ ኅዳርን ኖቬምበር ብሎ የተረጎመ ማሽን ግን ኖቬምበር 30 ያደርገውና ዘጠኝ ቀን ይሰርቃል። ዘጠኝ ቀን ደግሞ ከመቀጫና ከነጻነት መካከል ያለ ርቀት ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው። ኩንታልን ከቶን፣ የብር ዋጋን ከዶላር የሚያምታታ ስህተትም እንዲሁ ትንሽ ይመስላል እንጂ ውጤቱ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ናሙናው ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ክብደት በኩንታልና በኪሎ፣ ሰዓት «ከቀኑ» ወይም «ከሌሊቱ» ተብሎ እንዲጻፍ ያስገድድ። ለማሽን ተብሎ የሚደረገው ይህ ጥራት ለሰውም ይጠቅማል፤ እንዲያውም ለሰው ቀድሞ መደረግ የነበረበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ከሁለቱ ሥራ፣ ከማንበቡና ከመፈረሙ፣ ለአባላት አሁን የሚበልጠው ማንበቡ ነው። ብዙ አባላት ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ሕጉ ለእነሱ ተጨንቆላቸዋል፤ በቁጥር 1728 መሠረት ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያሳረፈው የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ሆኖም ለአንድ የትራክተር ኪራይ፣ ለአንድ የቀን ሠራተኛ ስምምነት ማን ገንዳ ውኃ ድረስ ሄዶ ያስመሰክራል? አሻራው ይታተማል፤ የተባለው ይታመናል። ቀለም የነካች አውራ ጣት ስንት ሔክታር እንደ ወሰደች የሚያውቅ ያውቀዋል። በስልክ ላይ ውሉን ፎቶ አንስቶ በድምፅ የሚያነብ፣ «ይህ አንቀጽ ዩኒየኑ ከሚያውቀው ናሙና ይለያል፤ ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ» የሚል መሣሪያ ለዚህ ሰው ትልቅ ነገር ነው። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ለጉሙዝ አባላትም በቋንቋቸው ቢሆን ደግሞ የበለጠ ነው፤ ይህን ለማድረግ ግን ገና ብዙ ሥራ ይቀራል። ማንበብ ላይ የሚሳሳት ማሽን ማስጠንቀቂያ ቢያበዛ ጉዳቱ ጥቂት ሰዓት ነው። መፈረም ላይ ቢሳሳት ግን ጆንያው ሄዷል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ሰሊጥ ሲፈስ ደግሞ መልቀሙም አይቻልም።

በመሆኑም የሚመከረው አካሄድ አንድ ሙሉ የሰሊጥ ወቅት ማሽኑ እንዲያነብ ብቻ ማድረግ ነው። ሊቀ መንበሩና ሒሳብ ሹሙ እንደ ወትሮው ይፈርሙ፤ ማሽኑ ደግሞ «እኔ ብሆን ይህን እፈርም ነበር፣ ያንን እመልስ ነበር» እያለ በመዝገብ ያስቀምጥ። ጥር ላይ የቁጥጥር ኮሚቴው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያይ። በተከታዩ ወቅት በጣም ወጥ የሆኑትን፣ አደጋቸውም ትንሽ የሆነውን ብቻ ያስፈርሙት፤ ለምሳሌ የጆንያ ግዢ፣ የጭነት ውል፣ ከታወቀ ገዢ ጋር ገንዘቡ ባንክ ከገባ በኋላ የሚደረግ ሽያጭ። የመሬት ኪራይ፣ በዋስትና የሚወሰድ ብድር፣ በቁም ላይ ያለ ሰብል ሽያጭ ግን ከሰው እጅ ባይወጡ ይሻላል። ድንበሩ ማዶ ሱዳኖች «ሸይል» የሚሉት፣ ነጋዴ ለቸገረው ገበሬ ክረምት ላይ ገንዘብ ሰጥቶ ምርቱን በርካሽ አስቀድሞ የሚገዛበት ውል፣ ወረቀቱ ቀላልና ወጥ ነው። ማሽን በደቂቃ ያሳልፈዋል። ወጥ መሆኑ ግን ፍትሐዊ አያደርገውም፤ ያንን የሚያውቀው የገበሬውን ቤት የሚያውቅ ሰው ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ አምራችና ገዢ ከምርት በፊት የሚዋዋሉበትን ሥርዓት አስቀምጧል፤ ናሙና ሲዘጋጅ ከእሱ ጋር መገናዘብ ይኖርበታል።

ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው እንግዲህ ማሽን ይገዛ አይገዛ የሚል አጀንዳ ባይሆን ይመረጣል። መጀመሪያ የሚወሰነው ናሙናው ነው፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ለጉባኤው ጮክ ብሎ ይነበብ። ከዚያ ቁጥሮቹ፤ ዝቅተኛውን ዋጋ የሚወስነው ማን ነው፣ የሳምንቱን ድምር ጣሪያ ማን ያድሳል፣ ቁልፉ በማን እጅ ያድራል? እነዚህን ለተቀጣሪ ባለሙያ ወይም ፕሮግራሙን ለሸጠ ድርጅት መተው ከኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መንፈስ ጋርም አይሄድም። አንድ ተጨማሪ ውሳኔም አለ፤ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ የሚቀረው እሱ ነው። ማሽኑ ያልተረዳው ውል ሲያጋጥመው ቆሞ ሰው ይጠራል። ኅዳር ላይ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ መኪናው ኮኪት ወይም ሽንፋ መጋዘን በር ላይ ቆሞ እያለ የሚጮኸው ስልክ የማን ነው? እሱስ ኔትወርክ በሌለበት እርሻ ላይ ከሆነ ሁለተኛው ስልክ የማን ነው?